ሠላሳ አንድ ፐርሰንት

«አሁንም ሠላሳ አንድ ፐርሰንት ነው?» አለች ጓደኛዋ አንገቷን አስግጋ።

«ማንበብ ትችያለሽ አይደል?»

ኮምፒውተሩ ስሌቱን ከጀመረ አርባ ደቂቃ አልፎታል። ትናንት ለምክትል ርዕሰ መምህሯ «የአሥረኛ ክፍልን ደረጃ በአንድ ደቂቃ አወጣለሁ» ያለችው ራሷ ናት፤ ያውም የኮምፒውተር ክበቡ ልጆች እየሰሙ። ኮድ መጻፍ ማንም አላስተማራትም፤ ከስልኳ ላይ ለቃቅማ ነው የቻለችው። በአርባ ተማሪ ስትሞክረው እንደ ውሃ ፈሶላታል። ዛሬ ግን ተማሪው ስምንት መቶ ነው። የውጤት ፋይሉን ፎርሙላዎች የሚያሰላላት ላይብረሪ፣ ሌሎች ጽፈው በነፃ የለቀቁት ኮድ፣ ያሰላውን አያስታውስም። ለእያንዳንዱ ተማሪ ደረጃ የስምንት መቶውን ድምር እንደገና ከሀ ይጀምራል።

«ፈዛዛ» አለችው ስክሪኑን።

«ፋይሉ ላይ ትናንት ተሰልቶ የነበረው ውጤት ተቀምጦ የለ? እሱን እንዲያነብ አድርጊዋ።»

ይህን ካሰበችው ቆይታለች። ንዴቷ አሸነፋትና ስሌቱን አቋርጣ አንድ መስመር ጨመረች፤ አታስላ፣ የተቀመጠውን አንብብ። በሦስት ሰከንድ ዝርዝሩ ዱብ አለ። ወደ ልዩ የሳይንስ ክፍል የሚገቡት ሠላሳ ተማሪዎች፣ በቅደም ተከተል።

ከክፍላቸው የኋላ ወንበር የምትቀመጠው ዝምተኛ ልጅ ግን የለችበትም። ፊዚክሷ ዘጠና ሆኖ ሳለ በስህተት ዘጠኝ ተብሎ ተጽፎባት፣ መምህሩ ዛሬ ጠዋት ነው ያረመላት። እርማቱን ተቀብላ ፋይሉ ላይ ያስገባችው ይህችው ባለኮዷ ናት። የትናንቱ ውጤት ይህን ከየት ያውቀዋል?

«አንድ ሰው እኮ ነው» አለች ጓደኛዋ። «ነገ ታስተካክይዋለሽ።»

«አንዴ ከተለጠፈ ማን ይነቅለዋል? ቦታዋን የያዘውስ ይለቅላታል?»

በሩ ተከፈተ። የክበቡ አለቃ ነው፤ ፈገግታውን እንኳ አልደበቀም።

«እሜቴ አንድ ደቂቃ፣ ምክትሏ ዝርዝሩን ይዘሽ ነይ ብለውሻል። ደቂቃዋ አላለቀችም?»

ጆሮዋ ድረስ ጋለች። ዝርዝሩ ፊቷ ላይ ነው፤ «አትም» የሚለውን መጫን ብቻ። የልጁ ፈገግታም እዚያው ድርቅ ይልላት ነበር።

የጨመረችውን መስመር አጠፋችና ስሌቱን እንደገና አስነሳችው። ዜሮ ፐርሰንት።

«አብደሻል?» አለች ጓደኛዋ በሹክሹክታ። «ምን ልትያቸው ነው?»

«ሁለት ሰዓት ይፈጃል። አንድ ደቂቃ ያልኩት ሳላውቅ ነው።»

«እሱ እየሰማ?»

ወንበሩን ገፍታ ተነሣች። በሩ ጋ ስትደርስ ወደ ልጁ ዞር አለች።

«ና ተከተለኝ» አለችው። «ሁለቴ አልናገረውም።»