ሦስተኛው ድርሰት

የመምህር ሠረቀብርሃንን ሬሳ ከጓሮው የውኃ ጉድጓድ ያወጡት በጥር 1933 ዓ.ም. አንድ ማክሰኞ ጧት ነው። ጫማው ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ ተደርድሮ ነበር፤ በውስጡም በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ተጣጥፎ ተገኘ። በጣሊያኖቹ ቢሮ ጸሐፊ የሆነው በዛብህ ለጣሊያኑ አለቃው ተረጎመለት።

«‹ጀርባዬ ተሰበረ። የሁሉንም ሸክም ተሸከምኩ። አሁን ግን ተዉኝ፣ ልተኛ› ይላል።»

አለቃው «ራሱን ገድሏል» ብሎ ወረቀቱን እዚያው ጥሎ ሄደ።

ጨርቅ ነጋዴው ሰብስቤ ግን ቃላቱ አዲስ ስላልሆኑበት ወረቀቱን አንሥቶ ገሪማን አስጠራ። ገሪማ ከወረራው በፊት አዲስ አበባ ላይ ስመ ጥር የወንጀል መርማሪ ነበር፤ አሁን ዲላ ውስጥ ለነጋዴ ቡና እየመዘነ ይኖራል። ከእንግሊዝኛ አንድ ፊደል አያውቅም።

ከሟቹ ጠረጴዛ ላይ መነጽር፣ ቀይ እርሳስና ሁለት የታረሙ ወረቀቶች አገኘ።

«ያለ መነጽር ያያል?»

«ከደጁ እስከ አጥሩ አያይም» አለ ሰብስቤ።

«ወረቀቶቹስ?»

ሰብስቤ በሩን ዘጋ። «እሑድ እሑድ ከሱቄ ጓዳ እንግሊዝኛ ያስተምረን ነበር። እኔን፣ ሀጅራንና በዛብህን። እንግሊዞቹ በኬንያ በኩል ይመጣሉ ሲባል ጊዜ፣ ቋንቋቸውን እንወቅ ብለን ነው። ‹የማልረሳው ቀን› የሚል ድርሰት አዝዞን ሦስታችንም አስረከብን። ይኸ ከተሰማ መሰቀላችን ነው።»

ከጠረጴዛው ላይ ያሉት ግን የሰብስቤና የሀጅራ ብቻ ነበሩ።

ሀጅራ በርበሬና ጨው ቸርቻሪ ናት። ገሪማ መምህሩ ራሱን ይገድል እንደሆነ ጠየቃት።

«እኔ እንጃ፣ አቶ ገሪማ። ባሌን አረንጓዴ ሽርጡን እንዳገለደመ ጣሊያኖች ከይርጋጨፌ መንገድ ላይ ከወሰዱት ሁለት ዓመት ሆነው። ሞተም አለም ያለኝ የለም። ከዚያ ወዲህ ስለ ማንም እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም።»

ወረቀቱን ሰጣት። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበችና ፊቷ ተለወጠ። ከበርበሬው ከረጢት ሥር ደብተሯን አወጣች። በመካከሉ በመምህሩ እጅ የተጻፈ ሌላ ገጽ ነበር፤ ከጥግ ላይ አህያ ተሥሎበታል።

«የዚህ መጀመሪያው ነው። ልገለብጠው ወስጄው ነበር።»

«ይህን ስትማሩ ሦስታችሁም ነበራችሁ?»

መልሷን ከሰማ በኋላ ገሪማ ሌላ አልጠየቀም።

በማግስቱ ከሰዓት ሦስቱም ከሰብስቤ ጓዳ፣ በአቡጀዲ ጣቃዎች መካከል ተቀመጡ።

«መምህር መነጽሩን ጠረጴዛ ላይ ትቶ ወደ ጓሮ አይወጣም» አለ ገሪማ። «ወረቀቱም ስንብት አይደለም። እንስሳን እንደ ሰው ማናገር እንዴት እንደሚጻፍ ሲያሳያችሁ፣ በአህያ አፍ የጻፈው ድርሰት ሁለተኛ ገጽ ነው። ‹እኔ አህያ ነኝ› የሚለው የመጀመሪያው ገጽ ሀጅራ ዘንድ ነበር። ሰብስቤና ሀጅራ ይህን ትምህርት አብረው ተምረዋል። ከሁለቱ አንዱ ቢገድል፣ ሌላው ገና ሲያየው የሚያውቀውን ወረቀት ጫማ ውስጥ አያስቀምጥም። የሰው ኑዛዜ የሚመስለው ያን እሑድ ላልነበረ ብቻ ነው።»

በዛብህ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አዞረ። «ያን እሑድ ቢሮው ይርጋጨፌ ልኮኝ ነበር።»

«አውቃለሁ። ድርሰትህስ የት ሄደ?»

ባርኔጣውን ማዞሩን ተወ። ሲናገር ድምፁ የደከመው ሰው ድምፅ ነበር።

«አንዱን ነገር በሌላ መስላችሁ ጻፉ፣ ‹እንደ› ለማለት ‹ላይክ› በሚለው ቃል ተጠቀሙ አለን። ‹ሰውዬው ላይክ የቡና ጆንያ ወደቀ› ብዬ ጻፍኩ። ጥሩ መስሎኝ ነው። ሰኞ የታረመውን ልቀበል ስሄድ፣ ‹ምሳሌህ አምሯል፤ ሰውዬው ማነው?› አለኝ። ‹ከራሴ የፈጠርኩት ነው› አልኩት። ‹የይርጋጨፌ መንገድ፣ አረንጓዴ ሽርጥ፤ ይኸ አይፈጠርም። ለሀጅራ እነግራታለሁ› አለ።»

ሀጅራ አልጮኸችም። «የት ቀበራችሁት?»

«አልተቀበረም። ከገደል ነው የተጣለው። የጠቆምኩት እኔ ነኝ።»

«ትጠየቅበታለህ» አለ ሰብስቤ።

«ለማን ልትከሱኝ? እንግሊዝኛ ስንማር ደረስንበት ልትሉ ነው? እኔ አለቃዬ እንድሰልላቸው ልኮኝ ነው እላለሁ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?»

ባርኔጣውን ደፍቶ ወጣ። ማንም አልያዘውም።

«እንግሊዞቹ እስኪመጡ ነው» አለ ሰብስቤ።

«ሲመጡ መጀመሪያ የሚፈልጉት በቋንቋቸው የሚጽፍ ሰው ነው» አለ ገሪማ። «ከእንግዲህ ዲላ ውስጥ ከእሱ የሚሻል የለም።»

ሐሙስ ዕለት ለመምህሩ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ መቃብር ቆፈሩለት። ሽማግሌው ቄስ ገሪማን ለብቻው ጠሩት።

«ለመሆኑ ራሱን ነው የገደለው ልጄ? አይደለም ካልከኝ አስገብቼ ፍትሐቱን አደርሳለሁ።»

ፍትሐቱ ከተደረሰ የበዛብህ አለቃ ለምን ብሎ ይጠይቃል፤ ከጠየቀ ደግሞ የእሑዱ ትምህርት ይወጣል። ገሪማ መንገዱ ማዶ ቆማ የምታየውን ሀጅራን ተመለከተ።

«ራሱን ነው አባ» አለና አካፋውን አንሥቶ አፈሩን መመለስ ጀመረ።