የማይሞቀው እሳት

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም፣ ጂን ምናምን ሲባል ስቄ የማልፍ ነበርኩ፤ የጭነት መኪና ሲያጓራ ሲያድር እየሰማ አውራ ጎዳና ዳር ጀውሃ ከተማ ያደገ ሰው ምን ያስፈራዋል? ዛሬም አምናለሁ አልላችሁም፣ ያየሁትን ግን ልንገራችሁ።

እህቴ ዘይነባ ሴት ልጅ ወልዳ፣ ባሏም ለሥራ ርቆ ስለነበር፣ ከሸዋ ሮቢት ወረድ ብላ ካለችው መንደሯ አራስ ልጠብቅ ሄድኩ። በዚያ ሰፈር ሕፃን ስም ሳይወጣለት የአራስ ቤት እሳት አይጠፋም፣ ከጠፋም በክብሪት አይለኮስም፣ ወልዳ ካሳደገች ሴት ምድጃ ይጫራል እንጂ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ምድጃውን ብገልጠው አመድ ብቻ። ዘይነባ ተኝታ እንኳ አትምረኝም፣ «እሳት ማቆየት ያቃታት ባል ልታቆይ ነው?» አለችኝ። ከጎረቤታችን ከእትዬ ሞሚና ልጭር ብቅ ስል፣ አንዲት ሴትዮ በገል ፍም ይዛ በራችን ላይ ቆማለች።

«እትዬ ሞሚና ናቸው የላኩኝ፣ አራሷ ትሙቅ» አለችኝ።

እኔ ገና ሳልጠይቅ እሳቸው እንዴት አወቁ አላልኩም። ፊቷን ደግሞ አላስታውሰውም፣ ወላሂ፣ ፊት ለፊት ቆሜ ነው ያየኋት።

ፍሙን ገልብጬ እንጨት ብደርብበት፣ እፍ ሳልለው ቦግ አለ። አጥሚት ጣድኩ፣ ቆይቼ ባማስለው ቀዝቃዛ ነው። እንጨት ጨመርኩ፣ ነበልባሉ ድስቱን እየላሰ ይወጣል፣ አጥሚቱ ግን ያው ነው። ያኔ ነው ልብ ያልኩት፣ እንጨቱ እየነደደ አይንጣጣም፣ ጢስም የለው። እጄን ነበልባሉ ውስጥ ከተትኩት፣ እመኑኝ፣ ጥላ ውስጥ እንደመክተት ነው።

ይሄ እሳት አይሞቅም ብላት ዘይነባ ሳቀች፣ ሳቋን ሳትጨርስ ግን ወደ ጎኗ ዞረች። እጇ የልጇ ግንባር ላይ ነው።

«ነይ ንኪያት» አለችኝ።

ነካኋት፤ ታቃጥላለች። ከንፈሯ ደርቋል፣ አታለቅስም። ነበልባሉ ከፍ ሲል ትንፋሿ ይፈጥናል፣ ዝቅ ሲል ዝግ ይላል። ውሃ ብደፋበት ቸስ እንኳ አላለም፣ መንደዱንም አልተወም።

ዘይነባ ልጅቷን አስታቀፈችኝ። ቢስሚላህ ብላ ፍሙን በባዶ እጇ እየዛቀች ገሉ ላይ መለሰችው፣ አልፈጃትም። አራስ ብቻዋን አትወጣም ብዬ በሩን ብይዝባት ገፍታኝ ወጣች። መንገዱ ዳር አስቀምጣው፣ «እሳትሽን ውሰጂ፣ ልጄን ተዪልኝ» ስትል ሰማኋት። ልጅቷ እቅፌ ውስጥ በላብ ተጠመቀች፣ ቀጥሎ ማልቀስ ጀመረች።

በማግስቱ ገሉን አጣነው፣ ተቀምጦበት የነበረው ሣር ለምለም ነው። ጤና ጣቢያም ወሰድናት፣ ነርሷ አገላብጣ አይታ ምንም የላትም አለችን። እትዬ ሞሚና ደግሞ ማንንም አልላኩም፤ ያን ምሽት ካራቆሬ ገበያ ውለው መግባታቸው ነበር፣ ቀኑን ሙሉ ምድጃቸው አልነደደም።

ዘይነባ ባሏ እስኪመጣ አልጠበቀችም፣ ልጇን አቅፋ በባጃጅ ሸዋ ሮቢት ገባች፣ እዚያው ቤት ተከራየች። ልጅቷ አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች። እናቷ ግን ልጅቷ ከተኛች ምድጃ አትለኩስም፤ ባሏ ከመንገድ አምሽቶ ሲገባ ቀዝቃዛውን ይበላል።