ኮፈኑ ላይ ያለችው እብጠት

«መኪናዋ ልብስ ሊሰፋላት ነው እንዴ?» አለች አክስቷ፣ በጥርሷ የነከሰችውን ቡሎን ሳታወጣ።

ልጅቷ ቀና አላለችም። ተንበርክካ የሜትሩን ጫፍ ከሞተሩ መክደኛ፣ ከኮፈኑ ጠርዝ ላይ በአውራ ጣቷ ይዛ፣ ሌላውን ጫፍ ወደ መስተዋቱ እየሳበች ነበር። ትምህርት ቤት ሚሊ ነው የሚሏት። ሌላው ሰው ስንዝር፣ ክንድ፣ ወይም «እዚህች ጋ» ብሎ የሚያልፈውን ነገር እሷ በሚሊ ሜትር ካልተናገረች አይዋጥላትም። አንድ ቀን ዴስኳ ከጎረቤቷ ዴስክ በስድስት ሚሊ ሜትር እንደሚያጥር ለመምህሩ ነግራ ክፍሉ በሙሉ ሳቀባት። እሷን የገረማት ሳቁ ሳይሆን አንድም ሰው ተነስቶ አለመለካቱ ነበር።

«ሁለት ጊዜ ለክተሻት የለም ወይ? አድጋ ይሆናል ብለሽ ነው?»

«እቴቴ፣ በናትሽ ዝም በይ፣ ቁጥሩ ይጠፋብኛል።»

አክስቷ ባትላሜራ ናት። የተጨፈለቀ በር፣ የታጠፈ ፓራፋንጎ፣ ግድግዳ የሳመ አፍንጫ፣ ሁሉንም በመዶሻ እያባበለች ወደ ነበረበት ትመልሳለች። አዲስ ደንበኛ ጋራዡ በር ላይ ቆሞ «ባለሙያው የለም?» ሲላት፣ «አለ፣ እያናገረህ ነው» ትለዋለች። ሰውየው አፍሮ እስኪጨርስም ሥራዋን አታቆምም። ሚሊ የምትለካት፣ ጥግ ላይ የቆመችው ነጭ ባለ ሁለት በር መኪና የአክስቷ አባት፣ ማለትም የሚሊ አያት ንብረት ናት። አያት ካረፉ ወዲህ አትነዳም፣ አትሸጥም፣ አቧራዋ ብቻ በየቅዳሜው ይጠረጋል።

ሚሊ ከዚች መኪና ጋር የተያዘችው በጌም ምክንያት ነው። የመኪና እሽቅድምድም ጌም ትጫወታለች። መጫወቱስ ባልከፋ፣ ከጨዋታው ይልቅ የደጋፊዎቹ ግሩፕ ነው ልቧን የወሰደው። በየዓመቱ አዲሱ ጌም ሊወጣ ወራት ሲቀሩት፣ ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበ ሰው እዚያ ገብቶ ተስፋውን ይዘረግፋል። አንዱ ባሕር ዳርቻ ያለውን ባለ ዋሻ የመወዳደሪያ ትራክ ዘንድሮ ካልጨመራችሁ ብሎ ይለምናል። ሌላው ተራራ ላይ ያለው መንገድ አሥራ ዘጠኝ መታጠፊያ እያለው ጌሙ ውስጥ ለምን አሥራ ስምንት ሆነ ብሎ ይሟገታል። አንዲት ሴት ደግሞ ከሦስተኛው መታጠፊያ አጠገብ ያለው ዛፍ ከተቆረጠ ቆይቷል፣ ጌሙ ውስጥ ግን እስከ ዛሬ ጥላ ይጥላል ብላ የጉቶውን ፎቶ ለጠፈች። ሚሊ ያንን ጉቶ ስታይ በቃ፣ ሰዎቿን አገኘች።

ከሁለት ወር በፊት የጌሙ ሠሪዎች አንድ ማስታወቂያ አወጡ። ልናስገባቸው የምንፈልጋቸው የድሮ መኪናዎች አሉ፣ ግን የምንለካው አላገኘንም፣ ያለው ሰው ካለ ይርዳን የሚል ነው። ከዝርዝሩ አራተኛዋ የአያቷ መኪና ነበረች። ሚሊ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ለካች። ሁለት መቶ አሥራ አራት ቁጥርና ስልሳ ፎቶ ተላከ። ሠሪዎቹ አመሰገኗት፣ የመጀመሪያውን ምስልም ባለፈው ሳምንት አሳዩ። ደጋፊዎቹ አበዱ። በተለይ ኮፈኑ መሃል ላይ ያለችውን እብጠት ወደዷት። «ጡንቻ አላት»፣ «የተናደደች ትመስላለች» አሉ። የእብጠቷን ሥዕል የስልኩ ጀርባ ላይ ያስለጠፈም አለ።

ትናንት ግን ግሩፑ ውስጥ ሽማግሌው የሚባል አንድ ሰው ብቅ አለ። እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «ወጣት ሳለሁ የዚችን ዓይነት መኪና ስድስት ዓመት ነድቻለሁ። ኮፈኗ ልሙጥ ነው።» አንድ የደበዘዘ ፎቶም አያይዟል። ግሩፑ ተረባረበበት፤ ፎቶው አይታይም፣ አንተም ረስተሃል፣ ሚሊ መኪናዋ አጠገቧ ናት አሉት። ሚሊም ዛሬ ሜትሯን ይዛ የመጣችው እሱን አፉን ልታስይዝ ነው።

«ሠላሳ ስምንት» አለች፣ ቁጥሩን ደብተሯ ላይ እየጻፈች። «ያው ነው። ሠላሳ ስምንት ሚሊ ሜትር ከፍታ። ሽማግሌው አርጅቶበታል።»

«ማነው ያረጀው?»

ሚሊ ነገሩን ነግራ፣ ስልኳን አውጥታ የጌሙን ምስል አሳየቻት። አክስቷ እጇን በጨርቅ ጠርጋ፣ ቡሎኑን ከጥርሷ አውጥታ ኪሷ ከተተች። ስልኩን ራቅ አድርጋ፣ ከዚያ ቀረብ አድርጋ አየችው።  

«ይቺ» አለች በመጨረሻ፣ በጣቷ ስክሪኑን እየነካች፣ «ይቺ እብጠት እኮ የኔ ናት።»

«ምን ማለት?»

«የኔ ናት ማለት የኔ ናት። አባዬ የጭነት መኪና ሞተር ገጠመላትና ኮፈኑ አልዘጋ አለ። በገመድ አስሮ ሊነዳት ነበር። ሰው ይስቅብናል አልኩና አውርጄ፣ አሸዋ የሞላሁት የቆዳ ከረጢት ላይ ደፍቼ፣ ከሥር ራሱ እንደ ኳስ በሆነ መዶሻ ሦስት ቀን ቀጠቀጥኩት። ክፈቺዋ እስቲ።»

ሚሊ ኮፈኑን አነሳች። አክስቷ እጇን ይዛ ከሥር አስገባችላት። ከላይ እንደ እንቁላል የለሰለሰው ብረት ከሥሩ የመዶሻ ጠባሳ ብቻ ነበር፤ አንዱ ባንዱ ላይ የተደራረበ ትንንሽ ጉድጓድ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ከላይ ስትለካ አንድ ቀን እንኳ ጣቷን ከሥር አላስገባችም። ጆሮዋ ድረስ ጋላት።

ጠበቃው የደረሰው ይኼኔ ነው። የክፍሏ ልጅ ነው፤ ከመምህር ጋርም ከጥበቃ ጋርም ስለሚከራከር ነው እንዲህ ያሉት። የግሩፑን ቋንቋ ከሷ ይበልጥ ስለሚችል፣ በሷ ስም የሚጻፈውን የሚጽፈው እሱ ነው።

«ሽማግሌውን ድባቅ መታሁት» አለ ገና ከበሩ። «ስሚ ምን እንዳልኩት። ይቺ መኪና ከፋብሪካ እንደወጣች ናት፣ መዶሻ ነክቷት አያውቅም አልኩት። ጭጭ አለ።»

አክስትና የወንድም ልጅ ተያዩ።

«መዶሻ ነክቷት አያውቅም?» አለች አክስቷ።

«በኔ ስም?» አለች ሚሊ።

«በማን ስም ልጻፍ ታዲያ?»

ነገሩን ሲነግሩት ጠበቃው ጎማ ላይ ቁጭ አለ። ብዙ ግን አልቆየም፣ ተነሳ። «እሺ፣ ፈታ በይ። ማን ያውቃል? እኛ ሦስት ነን። ዓርብ የመኪናዋን ሥራ ጨርሰው ይዘጋሉ፣ ከዚያ በኋላ ማንም አይነካትም።»

«ሽማግሌው ያውቃል።»

«እሱን ማንም አላመነውም።»

«ሊያምኑት ነበር የሚገባው።»

«ሚሊ፣ ስሚኝ አቦ። የሚለኩት ሌላ መኪና የላቸውም። አሁን ቁጥሩ ስህተት ነው ካልሻቸው አርመው አያስገቧትም፣ ጭራሽ ከጌሙ ያወጧታል። ሁለት ወር ለፍተሽ ዜሮ። የአያትሽን መኪና እዚያ ትራክ ላይ መንዳት አይደል የፈለግሽው?»

እውነቱን ነው። እሱን ነበር የፈለገችው። አያቷ ጭን ላይ ተቀምጣ መሪዋን የጨበጠች ዕለት አምስት ዓመቷ ነበር፣ መኪናዋም ቆማ ነበር። ስትሄድ ምን እንደምትመስል አታውቅም። ወደ አክስቷ ዞረች።

«አንቺስ ምን ትያለሽ እቴቴ?»

«እኔ ምን ቸገረኝ፤ ታምራለች። ሚሊዮን ሰው የኔን እጅ ሥራ ሲነዳ ቢውል አልጠላም።» አክስቷ ስልኩን እንደገና ወሰደች። ተደስታለች፤ ለመደበቅም አልሞከረች። ወዲያው ግን ቅንድቧ ተሰበሰበ። «ቆይ እስቲ። ይኼን ማን አስተካከለው?»

«የቱን?»

«የኔ እብጠት ወደ ግራ ታጋድላለች። በሦስተኛው ቀን ክንዴ ዝሎ ነበር፣ እዚህ ጋ በደንብ አልመታሁትም። እዪያት፣ በዓይንሽ እዪያት።» ኮፈኑን ዘግታ በመዳፏ አሳየቻት። እውነትም ታጋድላለች። «እነሱ ቀጥ አድርገዋታል። አበጃጅተዋታል።»

«ያምራል ብለው ነዋ» አለ ጠበቃው።

«ማማሩንማ ታምራለች። ግን ይቺ ፋብሪካ የሠራት አይደለችም፣ እኔም የሠራኋት አይደለችም። የትም የሌለች መኪና ናት።» ስልኩን ለሚሊ መልሳ ሰጠቻትና ወደ ሥራዋ ሄደች። «እንደፈለግሽ አድርጊ። እኔን የሚቃና ፓራውርት እየጠበቀኝ ነው።»

ሚሊ ስልኩን ይዛ ቆመች። ስክሪኑ ላይ ያለችው ነጭ መኪና ታበራለች። ከአጠገቧ ያለችው አቧራ ለብሳለች። የሽማግሌውን ፎቶ ከፈተችና በሁለት ጣቷ አሰፋችው። ደብዝዟል፣ ግን አሁን ምን እንደምትፈልግ ስላወቀች ታያት፤ ብርሃኑ በኮፈኑ ላይ ሳይሰበር ቀጥ ብሎ አልፏል። ልሙጥ ነው። ኮፈኑ ላይ የተቀመጠ ቀጭን ወጣት አለ፣ እግሩን አንጠልጥሎ ይስቃል። ይኼ ሰው ይቺን መኪና ስትሄድ ያውቃታል።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ጠበቃው።

«እየጻፍኩ ነው።»

«ስጪኝ እኔ ልጻፈው፣ ቢያንስ አሳምሬ…»

«አታሳምርልኝ።»

ራሷ ጻፈችው፣ በሚያነክስ ቋንቋዋ። ለሠሪዎቹ፦ ኮፈኑ የፋብሪካ አይደለም፤ አክስቴ ናት በመዶሻ የሠራችው፤ ሳላውቅ ነው የላክሁት፤ መዶሻ አልነካትም የተባለውም ሐሰት ነው። ግሩፑ ላይም ሁሉም እንዲያየው ያንኑ ለጠፈች። ለሽማግሌው ደግሞ፦ ይቅርታ፤ ልክ ነህ፤ ሌላ ፎቶ ካለህ ላክልኝ። ጣቷ መላኪያው ላይ ትንሽ ቆየ። ተጫነችው።

ጠበቃው ራሱን ያዘ። «አወጧት በቃ። ቀሽም ነሽ።»

«ሊያወጧት ይችላሉ» አለች ሚሊ። ይህን ስትል እጇ ደብተሩን ገልጧል። አዲስ ገጽ አወጣችና ሜትሩን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ አክስቷ ወደ ተንበረከከችበት ሄደች።

«እቴቴ፣ ከኮፈኑ ሌላ የት የት ነክተሻታል?»

አክስቷ መዶሻውን አስቀምጣ መኪናዋን ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ በዓይኗ ለካቻት።

«አንድ ገጽ ብቻ ነው የገለጥሽው?» አለች።