የዘበኛው ማጅራት

ጠጋ ጠጋ በሉና ተቀመጡ ልጆቼ፤ ከኋላ ያሉትም እንዲሰሙ ጫጫታውን ተዉት። ፊልም ገና ጥቁርና ነጭ በነበረበት ዘመን ካይሮ ውስጥ የሆነ ነገር ነው። ፊልም እየተቀረጸ ነው፤ ጥፊው አሁን ጧ ማለቱ ነው።

«አልሰማሁትም!» ብሎ ጮኸ ዳይሬክተሩ ፈህሚ። «ምድሓት፣ ፍቅረኛህ እኮ ጥላህ ሄዳለች! ይሄ ዘበኛ ነው በሩን ቶሎ ያልከፈተልህ። ማጅራቱን አጩለው! ሕዝቡ መጀመሪያ ይሳቅ፣ ከዚያ ካንተ ጋር ያለቅሳል።»

የአሥራ አራት ዓመቱ ሻዝሊ ከመብራቶቹ ሥር ቆሞ የአባቱን አንገት ያያል። አባቱ በሽር እንደኛው ከደቡብ የመጣ ኑብያዊ ነው፤ የሰው ቤት ምግብ አብሳይ። ፊልም ሠሪዎቹ ለበር የሚቆም ጥቁር ሰው ሲፈልጉ ይጠሩታል። ለበር ብቻ። በዚያ ከተማ ደግሞ ማጅራት መመታት ፊት ከመመታት ይብሳል፤ መሳቂያ መሆን ነው። ያለፈው ፊልም አብዲን በሚባለው ሰፈራችን በታየ ማግስት፣ የክፍሉ ልጆች «ዘበኛው መጣ!» እያሉ ሻዝሊን አፍንጫው እስኪደማ ማጅራት ማጅራቱን አሉት።

ዋናው ተዋናይ ምድሓት ደገመው። የበሽር ጥምጥም ወልቆ ወደቀ፤ ከጆሮው ሥር ደም ወረደ። መብራት የያዙት ሳቁ።

«አይዞህ አጎቴ፣ ሥራ ነው፣» አለ ምድሓት መዳፉን እያሻሸ።

«እኔ ምን አልኩ፣ ጌታዬ፣» አለ በሽር። ወዲያው ግን ተዝለፍልፎ ወደቀ።

ፈህሚ ተራገመ። ከዚያ ዓይኑ ሻዝሊ ላይ አረፈ። «ልጁን አልብሱት። ቁመቱ አባቱን ያህላል። ከኋላ ማን ይለያቸዋል? ሁሉም አንድ ናቸው።»

«ልጄን ተዉት! እኔ አለሁ!» በሽር መሬቱን ተደግፎ ሊነሳ ታገለ።

ሻዝሊ እምቢ ካለ አባቱን አስነስተው ይመቱታል። እሺ ካለ ደግሞ በየሲኒማው የሚሳቅበት ማጅራት የእሱ ይሆናል።

«አባባ፣ ይቀመጡ፣» አለ። ደም የነካውን የአባቱን ነጭ ጀለቢያ ለበሰ።

«ጀርባህን ለካሜራው ስጥ። እንዳትነቃነቅ!» አለው ፈህሚ።

ካሜራው መንጫጫት ጀመረ። ምድሓት ከኋላ እየሮጠ መጥቶ እጁን ሲሰነዝር ሻዝሊ ዞረ። ጥፊው አፉ ላይ አረፈ፤ ከንፈሩ ተሰነጠቀ።

«አቁሙ! አንተ ደንቆሮ፣ ፊትህን ማን ጠየቀህ?»

«ይቅርታ፣ ጌታዬ።»

እንደገና ተጀመረ። እንደገና ዞረ። አሁን አፍንጫው ፈነዳ፤ ጀለቢያው እስከ ደረቱ ቀላ። የሚስቅ ጠፋ። ፈህሚ የልጁን አንገት ጨምድዶ ይዞ ከግድግዳው ጋር አላተመው።

«ሰው የማጣ መሰለህ? ከሰፈርህ እንዳንተ ያለ በሽ ነው!»

«ያምጧቸው፣» አለ ሻዝሊ ደም እየተፋ። «ፊታቸውን ግን ይዘው ነው የሚመጡት።»

ምድሓት የቀላ መዳፉን አየ፤ ከዚያ ልጁን። «ፈህሚ፣ እያየኝ ልመታው አልችልም፣» አለ ቀስ ብሎ።

«የምትከፈለው ልትመታ ነው። ምታ!»

ሻዝሊ ወደ ቦታው ተመልሶ ጀርባውን ሰጠ። አባቱን ላለማየት አንገቱን ደፋ። ካሜራው ሲንጫጫ ሰማ፤ የምድሓት ኮቴ ቀረበ፣ በጣም ቀረበ። ጥርሱን ነክሶ ዞረ።

ልጆቼ፣ በድሮ የፍቅር ፊልም ላይ ጀርባውን ሰጥቶ የቆመ ዘበኛ ያያችሁ እንደሆነ፣ እባካችሁ የሻዝሊን ፊት አስታውሱልኝ።