የጆጆ ተራ

ኤቦ አርኮ በአሮጌው ኮምፒውተሩ ፊት፣ ከወንበሩ ሳይነሣ ሞቶ ተገኘ። ራሱ ወደ ትከሻው ዘንበል ብሏል፤ ለሚያየው ሸለብ ያደረገው ሰው ይመስላል። ኢንስፔክተር አዶማ በሩ ላይ ደርሳ ጫማዋን አወለቀች። ለሬሳው ክብር ብላ ነው ብለው ያሰቡ ነበሩ፤ እሷ ግን ወለሉን በእግሯ ልታዳምጠው ፈልጋ ነው። በመስኮቱ ሥር ያለው ምንጣፍ ውኃ ጠግቦ ነበር።

ክፍሉ ጠባብ ነው። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ በጠረጴዛው ላይ ከዕድሜ ብዛት ወደ ቢጫ የተለወጠ ሆደ ትልቅ ኮምፒውተር፣ ፊት ለፊቱ የተደረደሩ አራት ወንበሮች። በዳር ያለው አራተኛው ወንበር መደገፊያ ላይ ቀይና ጥቁር የሐዘን ጨርቅ ታስሯል። ኪቦርዱ በሟቹ ፊት ተደፍቷል። አዶማ ጓንቷን አጥልቃ ቀስ ብላ ብታነሣው፣ በሁለቱ ጫፎቹ ሥር ሁለት የጠርሙስ ቆርኪዎች ተቀምጠው አገኘች። መልሳ እንደነበረ አስቀመጠችው፤ ያየችውን ለማንም አልተናገረችም።

ሐኪሙ ብዙ አልተጨነቀም። «የጄኔሬተር ጭስ ነው። መስኮቱ ዝግ፣ ጄኔሬተሩ በረንዳው ላይ በሩን ተጠግቶ። አረቄም ጠጥቷል። ሳይሰማው ነው የሄደው።»

ይኼን የሰማችው የሟቹ ታላቅ እህት ማንሳ ከሳሎን ጮኸች። «መስኮቱን የዘጋችው እሷ ናት! በገዛ እጇ! ወንድሜን እንደ ዓሣ አጭሳ ገደለችው!»

እሷ የተባለችው የኤቦ ሚስት ኤፉዋ ናት። ጓዳ ውስጥ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ መዳፎቿን ገልብጣ እያየቻቸው ነበር። አዶማ አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«እውነቷን ነው እንዴ?»

«አላውቅም፣ ማዳም» አለች ኤፉዋ። «ዝናቡ ሲመጣ ከእንቅልፌ ተነሥቼ መስኮት ዘግቻለሁ። የመኝታ ቤቱን ዘጋሁ፣ የሳሎኑን ዘጋሁ። የዚያን ክፍል… ዘግቼው ይሆን? ዓይኔ አልተገለጠም ነበር። ስንት ጊዜ ላስታውስ ሞከርኩ። አንዳንዴ እጄ መስኮቱ ላይ ሆኖ ይታየኛል።»

«ከዝናቡ በፊት ገብተሽ ነበር?»

«ጓደኞቹ ሲወጡ ሳህኑንና ጠርሙሱን ላነሣ ገብቻለሁ። ወንበሩ ላይ እያንኮራፋ ነበር። ልቀስቅሰው አልኩና ተውኩት፤ ሟች ጓደኛቸውን ጆጆን በሚያስቡበት ሌሊት ማሽኑ እስኪነጋ አይጠፋም፣ እሱም ከዚያ አይነሣም። በየዓመቱ እንዲሁ ነው።»

«ኪቦርዱ የት ነበር?»

«ያ የሚጫወቱበት? በባዶው ወንበር ፊት ተደፍቶ ነበር። እኔ ያንን ጠረጴዛ አልነካም፤ ኤቦ ይቆጣል።»

«ማታ ምን ሲያወሩ ነበር?»

«ያው የልጅነታቸውን ነዋ! በጨዋታው ውስጥ ፋኖስ ስለያዘው ሰውዬ። ስቀው ስቀው ሲያበቁ ኤቦ ‹ነገ የጆጆ እናት እማማ አራባ ጋ እሄዳለሁ፣ የምነግራት አለኝ› አለ። ከዚያ በኋላ የሳቀ ሰው አልነበረም።» ኤፉዋ ቀና አለች። «ማዳም፣ እኔ ከሆንኩ ንገሪኝ። አትሸንግዪኝ። ሳላውቀው ከምኖር ብታሰር ይሻለኛል።»

አዶማ በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ልቅሶ ሰምታለች። ይህችኛዋ ሴት ግን አላለቀሰችም፤ አዶማን የከበዳትም እሱ ነው።

ወደ ክፍሉ ተመለሰች። በመስኮቱ ደፍ ላይ ኤቦ ከልጅነቱ ጀምሮ ያጠራቀማቸው የጨዋታ ካርቶኖች ተደርድረዋል፤ በውስጣቸው ያረጁ ፍሎፒ ዲስኮች አሉ። ካርቶኖቹ በዝናብ ርሰው አብጠዋል፣ የአንዱ ሥዕል ተልጦ ወድቋል። በውጭ በኩል ደግሞ ከአጥሩ ሥር፣ ጄኔሬተሩ ሁልጊዜ ከሚቆምበት የቆርቆሮ ጥላ ተነሥቶ እስከ በረንዳው ድረስ፣ ጭቃው ላይ ጠለቅ ያለ የጉተታ ፈር ወጥቷል።

የኤቦ የልጅነት ጓደኛ ኮቢና ባይዱ በሰኮንዲ ወደብ የዓሣ ማቀዝቀዣ ቤት አለው። ሆዱ ትልቅ፣ ሳቁ ከሆዱ የሚበልጥ ሰው ነው። ያን ዕለት ግን ሳቁ ከየት ይምጣለት።

«አራት ነበርን» አለ። «እኔ፣ ኤቦ፣ ክዋሜና፣ ጆጆ። የኤቦ አባት ያንን ማሽን ከመርከብ አውርደው ሲያመጡ ሰፈሩ ሁሉ ቴሌቪዥን መስሎት ነበር። ለአንድ ዙር ጨዋታ ሁለት ባልዲ ውኃ እንቀዳላቸዋለን! አንድ ትንሽ ሰውዬ አለ፣ ፋኖስ ይዞ በጨለማ ድልድይ ላይ የሚሄድ። ዘፈኗ እስካሁን በጆሮዬ አለች፤ ማቀዝቀዣው ቤት ዓሣ ስቆጥር አንጎራጉራታለሁ፣ ሠራተኞቼ አበደ ይላሉ። ድልድዩን ማለፍ የሚችል ጆጆ ብቻ ነበር። ክዋሜና በንዴት ያለቅስ ነበር እኮ! አሁን ርዕሰ መምህር ሆኖ ሲኮፈስ ባየው ቁጥር ያቺ ለቅሶ ትዝ ትለኛለች።»

«ጆጆ እንዴት ሞተ?»

«ወንዙ ከባሕር የሚገናኝበት ቦታ ሰጠመ። የዚያን ዕለት ወባ ይዞኝ ተኝቼ ነበር። ብቻውን ሊዋኝ ሄደ አሉ።» ኮቢና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ዕለቱ በመጣ ቁጥር ተራውን እንሰጠዋለን። ኪቦርዱ በወንበሩ ፊት ይደፋል፤ የሞተ ሰው ነዋ፣ አይነካውም። ሁላችንም ዓይናችንን እንጨፍናለን። ሰውዬው ቆሞ ቆሞ በጨዋታው ውስጥ ያለው ጉጉት መጥቶ ይወስደዋል፣ የሞቱ ዘፈን ሲሰማ ዓይናችንን እንገልጣለን።»

«ማነው የሚደፋው?»

«አጠገቡ የሚቀመጠው ክዋሜና ነው። ልንገርሽ አይደል ማዳም፣ እንዳትስቂብኝ። ኪቦርድ ስትደፊው ቁልፎቹ ተጭነው ማሽኑ እሪ ማለት አለበት። በጆጆ ተራ ግን አንድም ቀን ጮሆ አያውቅም። ዝም የሚያሰኘው ራሱ ጆጆ ነው። ፀጉሬ ይቆማል፣ እይው እስኪ!»

አዶማ አልሳቀችም። እሷም በልጅነቷ ከወንድሟ ጋር በአንድ ኪቦርድ ላይ ክርን ለክርን እየተጋፉ መኪና ነድተዋል፤ ቁልፍ ሲታፈን የሚወጣውን ጩኸት ታውቀዋለች።

«በኤቦ ፊት የሚደፋበት ጊዜስ አለ?»

«ምን ነካሽ!» ኮቢና አማተበ። «በሕይወት ላለ ሰው? ይኼማ ሟርት ነው።»

ክዋሜና ኦቱ በቢሮው ተቀበላት። ሸሚዙ እንደተተኮሰ፣ ንግግሩም እንደዚያው ነው።

«ከኮቢና ጋር ነው የወጣሁት፤ ዝናቡ ገና አልጀመረም ነበር። በመኪናው ቤቴ አደረሰኝና ተኛሁ። ምስኪን ኤቦ፣ ጄኔሬተሩን ከዝናብ ላስጥል ብሎ አስጠግቶት ይሆናል። ሚስቱም መስኮቱን የዘጋችው በቅንነት ነው። ለማንሳ ነግሬያታለሁ፣ አትፍረጂባት ብዬ።»

«ጥሩ አድርገዋል» አለች አዶማ። «ለእማማ አራባ ሊነግር የነበረው ምንድን ነው?»

«ኤቦ ሲጠጣ ብዙ ነገር ይላል።»

እማማ አራባ የጆጆ እናት ናቸው። ኤቦ እንደሚመጣ ልኮባቸው ስለነበር ከማለዳው ጀምሮ ነጭ ለብሰው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁ፣ የመጣላቸው መርዶው ሆነ። «ስለ ልጄ ሊነግረኝ ነበር፤ ልቤ ያውቀዋል» አሉ።

በማግሥቱ አዶማ ሁሉንም ሰው ወደዚያ ክፍል ሰበሰበች። ጄኔሬተሩ ወደ አጥሩ ተመልሶ ሞተሩ ተነሣ፤ ማሽኑ አጉረመረመ፣ ስክሪኑ ላይ ትንሹ ሰውዬ ፋኖሱን ይዞ ብቅ አለ። ዘፈኑ በቀጭን ድምፅ ሲጀምር ኤፉዋ ግድግዳውን ያዘች። የሞተው ሰው የሚገባ መስሏቸው ሁሉም በሩን አዩ።

«በየወንበራችሁ ተቀመጡ» አለች አዶማ። ኮቢናና ክዋሜና ተቀመጡ፤ በመካከላቸው የኤቦ ወንበር ባዶ ነው። «ኮቢና፣ አሁን የኤቦ ተራ ነው። ስጠው።»

«እኔ?»

«አዎ አንተ። ዓይንህን ሳትጨፍን።»

ኮቢና ኪቦርዱን አንሥቶ በባዶው ወንበር ፊት ደፋው። ማሽኑ እሪ አለ። ኮቢና ወንበሩን ገልብጦ ዘሎ ተነሣ። «ተቆጣ! ኤቦ ተቆጣ!»

አዶማ ኪቦርዱን አነሣች፤ ጩኸቱ ቆመ። ከኪሷ ሁለት ቆርኪዎች አውጥታ ጠረጴዛው ላይ በግራና በቀኝ አስቀመጠች፣ ኪቦርዱን በላያቸው ደፋች። ማሽኑ ዝም አለ። ዘፈኑ ብቻ ቀጠለ።

«ጆጆ ማሽን ዝም አያሰኝም» አለች። «ዝም የሚያሰኙት እነዚህ ናቸው። ኤቦ በተገኘ ጊዜ ኪቦርዱ በእሱ ፊት፣ በእነዚህ ላይ ተደፍቶ ነበር።»

ክዋሜና ቆርኪዎቹን እንጂ እሷን አላያትም።

«አንድ በአንድ ልናገር። ኤፉዋ ዕቃ ስታነሣ ኪቦርዱ በጆጆ ወንበር ፊት ነበር፣ ኤቦም ተኝቷል። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ወደ ኤቦ አዛውሮታል። ኤቦ ራሱ ነው እንዳንል፣ ኤቦ አልነቃም። ቢነቃ ኖሮ እንደ ልጅ የሚሳሳላቸው ካርቶኖቹ በዝናብ ሲርሱ ቁጭ ብሎ አያይም። ካርቶኖቹ ረሱ ማለት ደግሞ ዝናቡ ሲወርድ ይህ መስኮት ክፍት ነበር ማለት ነው።»

ኤፉዋ አንገቷን ቀና አደረገች።

«ጄኔሬተሩም ከዝናብ አልሸሸም። በላዩ ጥላ አለው። የጉተታው ፈር ጭቃው ላይ ጠልቆ ወጥቷል፤ ሲዘንብ ቢጎተት ኖሮ ውኃው ይደመስሰው ነበር። ስለዚህ ዝናቡ ካባራ በኋላ አንድ ሰው መጣ። መስኮቱን ዘጋ፣ ጄኔሬተሩን አስጠጋ፣ ውጭ ሆኖ ጠበቀ። ከዚያ መሞቱን ሊያረጋግጥ ገባ። ምንም ሳይነካ ሄዶ ቢሆን አደጋ ነው ብለን በቀበርነው ነበር። ግን ኤቦ ሞቷል፣ ዘፈኑ ይጫወታል። የሞተ ሰው ደግሞ ተራ አለው። ይህን ከእናንተ ከሁለታችሁ በቀር የሚያደርግ የለም፤ ኮቢና ደግሞ ስለ ቆርኪው አያውቅም። አሁን አይታችሁታል።»

«ክዋሜና?» አለ ኮቢና። «አንተ? እኔ እኮ ቤትህ አድርሼህ ነበር። ደህና እደር ብዬህ ነበር እኮ!»

ስክሪኑ ላይ ጉጉቱ መጥቶ ሰውዬውን ወሰደው።

«ሳላስበው ነው እጄ ያደረገው» አለ ክዋሜና። «ሮጬ ልወጣ ነበር። ግን ተራውን ሳልሰጠው ብሄድ እሱም እንደ ጆጆ ይከተለኛል ብዬ ፈራሁ። ጆጆ በየቀኑ ክፍሌ ውስጥ አለ። ልጆች ስቀጣ የእሱን ዓይን ነው የማየው።»

«ወንዙ ላይ ምን ሆነ?»

«ጆጆ የጨዋታውን ድልድይ አልፎ ሳቀብኝ። ከኤቦ ጋር ታንኳ ይዘን የአሸዋው ደሴት ላይ ወሰድነውና፣ እኔ ታንኳዋን ገፍቼ ጥዬው መጣሁ። ላስፈራራው ብዬ ነው። ባሕሩ ሞልቶ ደሴቱን እንደሚውጠው አላሰብኩም። ኤቦ እንመለስ አለኝ፣ መቅዘፊያውን አልሰጠሁትም። ዘንድሮ ግን ኤቦ ከዚህ በላይ አልችልም፣ ለእናቱ እነግራለሁ አለ። ትምህርት ቤቴ፣ ስሜ፣ ልጆቼ…»

እማማ አራባ ከበሩ አጠገብ ሆነው ጠየቁ። «ሲጮህ ማንን ነበር የሚጠራው?»

«እርስዎን፣ እማማ።»

አሮጊቷ አልጮኹም። እንደሰሙ ብቻ ራሳቸውን ነቀነቁ። አዶማ ክዋሜናን በክንዱ ይዛ አስነሣችውና በር ላይ ለቆሙት ፖሊሶች ሰጠችው፤ እሱም ትከሻው ወድቆ ተከተላቸው።

«ማዳም» አለች ኤፉዋ። «በግልጽ ንገሪኝ። መስኮቱን አልዘጋሁትም?»

«አልዘጋሽውም። ዝናቡ እስኪያባራ ክፍት ነበር፤ አንቺ ያኔ ተኝተሻል። እጅሽ እዚያ አልደረሰም።»

ኤፉዋ በግድግዳው ተንሸራታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«እትዬ ማንሳ፣ ሬሳው ከወጣ ጀምሮ የማስበው ስለ ራሴ እጅ ብቻ ነበር» አለች። «ባሌን አላሰብኩትም። ነይ አጠገቤ ሁኚ፤ አሁን ላልቅስለት።»

ማንሳ ነጠላ ጫማዋን ጣል አድርጋ ወለሉ ላይ አጠገቧ ተቀመጠችና እጇን ያዘቻት። ኤፉዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የባሏን ስም ጠርታ አለቀሰች።