«ግራ ጎኔ ነው በል» ያለችኝ ሴትዮ

እኔ ኤሌክትሪሺያን ነኝ፣ ሽቦ ከነካህ ይይዝሃል፣ ካልነካህ አይይዝህም፣ በዚህ ዓለም ላይ የማምነው ይሄንን ብቻ ነበር፣ ሰው «ጂን አየሁ» ሲለኝ «ፊውዝህን አስመርምር» ብዬ የምስቅ ሰው ነኝ። እመነኝ ወዳጄ፣ ይሄን የማወራህ ላስፈራህ ብዬ አይደለም፣ እኔ ራሴ ከማን ጋር እንደተገናኘሁ እስካሁን ስላልገባኝ ነው።

ዋሂል የምትባል ገጠር የውሃ ፓምፕ ጠግኜ ወደ ድሬዳዋ እየተመለስኩ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐዩ አናት በሚበሳበት ሰዓት። ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ እኔ በመስኮት በኩል ነኝ፣ አጠገቤ ያለው ወንበር ላይ የመሣሪያ ቦርሳዬን አስቀምጫለሁ። የሚገርምህ፣ ረዳቱ መንገድ ላይ ሰው በጫነ ቁጥር «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ ይጮሃል እንጂ ያንን ቦርሳ አንሳ ያለኝ የለም፣ ሰው ተደራርቦ ቆሞ እኔ ጎን ያለው ወንበር ዝም ይባላል፣ እኔም ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ። ከፊቴ የተቀመጠች ሴት ደግሞ፣ ዘይነባ ትባላለች፣ ቀፊራ ገበያ ቲማቲም ትሸጣለች፣ ስሟን ያወቅኩት በኋላ ነው፣ እየዞረች ታየኝና ፈገግ ትላለች። ምን አይታ ይሆን አልኩ በልቤ።

ከተማ ልንገባ ትንሽ ሲቀረን አንድ አይሱዙ ኩርባውን ሰፋ አድርጎ መጣብን፣ ሾፌራችን ሸሸው፣ አልሆነም፣ ጎናችንን ላጠንና ሚኒባሱ ተገለበጠ። ከዚያ የማስታውሰው ፀጥታውን ነው፣ በፀጥታው ውስጥ ደግሞ አንድ ነገር ይንጠባጠባል፣ ነዳጅ ይሁን ውሃ እንጃ፣ ጠብ፣ ጠብ። እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም፣ አሸዋ ላይ በጀርባዬ ተዘርግቻለሁ፣ ቀኝ ክንዴ ወዳልሆነ አቅጣጫ ታጥፏል፣ ፊቴ ላይ ግን ፀሐይ የለም። ዓይኔን ስገልጥ ጥቁር ጃንጥላ የያዘች ሴትዮ አጠገቤ ቁጭ ብላለች።

«ሙሌ፣ እንዳትነሳ» አለችኝ።

ሙሌ የሚለኝ የቤቴ ሰው ብቻ ነው፣ ሴትዮዋን ደግሞ አይቻት አላውቅም።

«አቦ ተይኝ፣ ደህና ነኝ።»

«ደህና አይደለህም። አንገትህን አታዙር። የእግርህን ጣቶች አንቀሳቅስ። ጎሽ።»

ሰዎች እየሮጡ መጡ፣ ሁለት ጎረምሶች በብብቴ ገብተው ሊያነሱኝ ሲሉ «ወሪያ! አትጎትቱት፣ ሳንቃ አምጡ» አለች፣ ጮክ እንኳን አላለችም፣ ልጆቹ ግን እጃቸውን ሰበሰቡ። አንዱ ውሃ አመጣልኝ፣ «እንዳትጠጣ፣ ኦፕራሲዮን ልትገባ ነው» አለችኝ። ለተሰበረ ክንድ ይሄ ሁሉ ምንድነው ብዬ ተናደድኩ።

ከዚያ እጇን ግራ ጎኔ ላይ፣ ከጎድን አጥንቴ ሥር አሳረፈችው። በሸሚዜ ላይ ነው የነካችኝ፣ ግን ከፍሪጅ የወጣ ጠርሙስ የለጠፉብኝ ነው የመሰለኝ፣ በዚያ ሙቀት! ቀስ ብላ ተጫነችኝ፣ የምታየው ጎኔን ሳይሆን ዓይኔን ነው።

«ሐኪም ቤት ክንዴን ብለህ ዝም እንዳትል። ግራ ጎኔ ነው በል።»

«ጎኔን አላመመኝም።»

«በል አልኩህ።»

ሳንቃው መጣ፣ በአንድ ፒክአፕ ጭነው ወሰዱኝ፣ ዞር ብዬ እንዳላያት ደግሞ አንገትህን አታዙር ብላኛለች።

ሐኪም ቤት ክንዴን አሰሩልኝ፣ ማስታገሻ ሰጥተው ሊሸኙኝ ነው። ባለቤቴ ሰናይት ደርሳለች፣ የአይሱዙው ባለቤት የላካቸው ሽማግሌም ቀድመው ተገኝተዋል፣ «በሽምግልና እንጨርሰው ልጄ» ይላሉ። ሰናይት «መጀመሪያ ይዳን፣ ትራፊክ ፖሊስም ሥራውን ይጨርስ» ብላ መለሰቻቸው፣ ደግ አደረገች። እኔ ያኔ የጠረጠርኩት ሴትዮዋ የነሱ ሰው ናት ብዬ ነው፣ የማያመኝን አስወርታ ውሸታም ልታሰኘኝ። ሽማግሌውን አፋጥጬ ስጠይቃቸው «ወላሂ ሴት አልላክንም» አሉ፣ ግራ ገብቷቸው።

ልወጣ ስል ግን አፌ አላስችል አለኝ። «ዶክተር፣ ግራ ጎኔ...» አልኩ፣ እያፈርኩ። ሐኪሙ ሲነካኝ ምንም አላመመኝም፣ ለማንኛውም ብሎ አልትራሳውንድ አነሳኝ፣ ከዚያ ወዲያ ማንም አላዋራኝም፣ ጣፊያዬ ውስጥ ውስጡን እየደማ ኖሯል፣ ሩጫ ሆነ፣ ኦፕራሲዮን ገባሁ፣ አወጡት። «ቤትህ ሄደህ ቢሆን አትነቃም ነበር» አለኝ ሐኪሙ በማግስቱ። አንተም፣ አያድርስና እንዲህ ከገጠመህ፣ ደህና ነኝ ብለህ አትነሳ፣ ሐኪሙ ጋ የታየህን ቁስል ብቻ ተናግረህ አትምጣ፣ ይሄን ብቻ ያዝልኝ።

አልጋ ላይ ሆኜ አመሰገንኳት፣ እውነቴን ነው። ግን ሰው ሲተኛ ሐሳብ ይበዛበታል አይደል? የማያመኝን ጎን በምን አወቀችው? እያልኩ እያልኩ አንድ ቀን እዚያው ትራሴ ላይ ሌላ ጥያቄ መጣብኝ፣ እስክትጫነኝ ድረስ ጎኔ ደህና ኖሮ ቢሆንስ? አወቀችው ወይስ አደረገችው?

ክንዴ ሲድን ከሰናይት ጋር ቀፊራ ሄድን፣ የተረፉትን ጠያይቄ ዘይነባን አገኘኋት። ገና በሩቁ ስታየኝ እልል አለች፣ ከዚያ ሰናይትን አየት አድርጋ ወደኔ ጠጋ አለችና፣

«ከሚስትህ ተጣላችሁ እንዴ?» አለችኝ።

«ሚስቴ ይቺውና!»

«አይ፣ ያቺ ጃንጥላ የያዘችዋ። ከዋሂል ጀምሮ ትከሻህ ላይ ተኝታ የመጣችው። ስታምሩ እያልኩ ሳያችሁ ነበር።»

«ጎኔ ሰው አልነበረም፣ ቦርሳዬ ነው የነበረው።»

«ቦርሳህንማ እሷ ጭኗ ላይ አቅፋልህ! ምን ነካህ?» ሳቀች፣ እኔ አለመሳቄን ስታይ ተወችው። «ባለፈው ጁምዓም እዚህ መጥታ ነበር፣ ስላንተ ልትጠይቀኝ። ሚስት የባሏን ደህንነት ከቲማቲም ሻጭ ትጠይቃለች? ለዚህ ነው ተጣሉ ያልኩት።»

ሰናይት ክንዴን ለቀቀችው።

«ምን አልሻት?» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ዳነ ሲሉ ሰማሁ አልኳታ።»

«እሺ፣ ደስ አላት?»

ዘይነባ የበሰበሰውን ቲማቲም ከደህናው መለየት ጀመረች፣ ወደኔ አላየችም። «‹እርግጠኛ ነሽ?› አለችኝ። አዎ አልኳት። ደግማ ‹እርግጠኛ ነሽ?› አለችኝ። ከዚያ ሰፈሩ የት ነው አለችኝ፣ አላውቅም አልኳት፣ ከየት አውቄ፣ ከዚያ ሄደች።»

ሰናይት እስከ ዛሬም ሲከፋት «ያቺን ባለጃንጥላህን ጥራት» ትለኛለች፣ ሌላ ሴት አለችው ብላ ነው የምታስበው። እኔ ደግሞ፣ ወዳጄ፣ በራችን በተንኳኳ ቁጥር ውስጥ ውስጡን የምጸልየው ምን ብዬ መሰለህ፣ ምነው ሚስቴ እንዳለችው ተራ ውሽማ በሆነችልኝ።