ወራጅ አለ

ረዳት የጠወለገውን አበባ አፈር በማንኪያ ስታላላ ነጭ ነገር አገኘች። የእንቁላል ቅርፊት መሰላት፤ እናቷ አንዳንዴ ለአበባው ትጨምርለታለች። ስታወጣው ግን ክኒን ነው፣ እርጥበት ጠጥቶ ያበጠ። ከሥሩ ሌላ አለ። ከዚያም ሥር ሌላ፣ ግማሹ ሟሙቶ ኖራ የመሰለ።

«ለካ ለዚህ ነው የደረቀው» አለች ለራሷ።

«ታዲያ ምን ይሁን? ክኒኗ ውሃ ታስወጣለች ተብሎ የለ! ሥራዋን ነው የሠራችው» አለ አንድ ድምፅ ከኋላዋ።

አያቷ የበረንዳው በር ላይ ቆመዋል። ለሐኪም ቀጠሮ ኮታቸውን ለብሰዋል፤ ጫማቸውን ግን ማሰሪያውን ፈተው፣ ተረከዙን ረግጠው ነው ያጠለቁት። እግራቸው ካበጠ ወዲህ ጫማው አልገባም ብሏል። ፊታቸው ላይ ስኳር ሲቅም የተያዘ ልጅ ፈገግታ ነበር።

«አባባ! ይሄ እኮ የልብህ መድኃኒት ነው!»

«ቀስ በይ እንጂ። ጎረቤት ምን ይላል?»

የአያቷ ልብ ደክሟል። ደሙን እንደ ድሮው በጉልበት አይገፋውም፤ ስለዚህ ውሃ እግራቸውና ሳንባቸው ውስጥ ይጠራቀማል። ይህች ክኒን የታዘዘችው ያንን ውሃ በሽንት እንድታስወጣ ነው። እናቷ ሁልጊዜ ጠዋት ወደ ሥራ ከመውጣቷ በፊት በእጇ ትሰጣቸዋለች። እሳቸውም ውሃውን ጭልጥ አድርገው «ተባረኪ ልጄ» ብለው ይመርቋታል። ያን ሁሉ ጊዜ ክኒኗ ምላሳቸው ሥር ነበረች ማለት ነው።

«ለእማዬ እነግራታለሁ።»

«ረዳት፣» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እስቲ እንደራደር።»

ረዳት ስሟ አይደለም። አያቷ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበሩ። ገና ጥርሷ ሳይሞላ እሳቸው ወንበር ላይ፣ እሷ ከኋላቸው ዱካ ላይ እየተቀመጡ ሳሎኑን ከዳር እስከ ዳር «ይነዱት» ነበር። ሕጉ አንድ ነው፦ ረዳት «ወራጅ አለ!» ካለች ሾፌር ይቆማል፤ ለምን ብሎ አይጠይቅም። ሕጉ እስከ ዛሬ አልተሻረም። እራት ላይ ወሬያቸው ሲረዝም ረዳት «አባባ፣ ወራጅ አለ» ትላለች፤ እሳቸውም ዓረፍተ ነገሩን መሐል መንገድ ላይ ጥለው አፋቸውን ይዘጋሉ። ቤቱ በሳቅ ይሞላል።

«ምን ዓይነት ድርድር?» አለች።

«ዓርብ ክፍልሽ ውስጥ ስለ ልብ ሕመምተኛ ታቀርቢ የለ? እኔ ራሴ እመጣለሁ። ወንበር ላይ ቁጭ እላለሁ፤ ልጆቹ አንድ በአንድ እየመጡ ልቤን ያዳምጣሉ። ሕያው ልብ! ሌሎቹ እኮ የካርቶን ልብ ቀለም ቀብተው ነው የሚመጡት።»

እውነታቸውን ነው። የሳይንስ ክበቡ ለዓርቡ ውድድር ለእሷና ለክፍል ጓደኛዋ የሰጠው ርዕስ «ጥሩ የልብ ሕክምና ክብካቤ ምንድን ነው?» የሚል ነበር። ጓደኛዋ ወሬ ስለማያልቅበት ሁሉም «ዜና» ይሉታል። ዜና ይህን ቢሰማ ከደስታው ጣሪያ ይነካል።

«ለምን እንደማትውጠው ብቻ ንገረኝ።»

«ሌላ ጊዜ።»

ረዳት ክኒኖቹን በወረቀት ጠቅልላ ጣለች። «እሺ» አለች። ካለች በኋላ ግን ወደ ጠወለገው አበባ ዞር ብላ አየች።

ወደ ሆስፒታሉ በእግር ሄዱ። አውቶቡስ ከበራቸው ፊት ለፊት ይቆማል፤ አያቷ ግን ዘወር ብለው አላዩትም። «በእግር መሄድ ለልብ ጥሩ ነው ብለሽ ያነበብሽልኝ አንቺ አይደለሽም?» አሉ። ከዚያ በየኤሌክትሪክ ምሰሶው ሥር የሚቆሙበት ምክንያት ይፈልጉ ጀመር። አንዱ ጋ የጫማ ቤት መስታወት አዩ። አንዱ ጋ ያለፈውን አውቶቡስ ተችተው «የኋላ ግራ ጎማው ንፋስ አንሶታል። ያሳፍራል!» አሉ። ረዳት ጎማውን ሳይሆን ደረታቸውን ታይ ነበር። ትንፋሻቸው ክዳኑ እንዳልገጠመ ማንቆርቆሪያ ያፏጫል።

ስልኳ ጮኸ። ዜና ነው፣ መልእክት ልኳል። «ማሽኖቹን ፎቶ አንሺ። የልብ ምስል ማንሻውን፣ ስክሪኑን፣ ሽቦ ሽቦውን። በናትሽ ደብዛዛ እንዳይሆን፣ ሼም ነው።»

ነርሱ አያቷን ሚዛን ላይ አቆማቸው፤ ቁጥሩን ሲያይ ቅንድቡ ተነሳ፣ ካርዳቸው ላይም ጻፈው። ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ አስራዋለች። «አባቴ፣ እንዴት ነዎት?» ብላ ወደ ጠረጴዛዋ ትሄዳለች ሲባል ወለሉ ላይ ቁጢጥ አለች። ካልሲያቸውን ዝቅ አደረገችና ቅልጥማቸው ላይ አውራ ጣቷን ተጭና ቆየች። ስታነሳው ሊጥ ላይ እንደተጫነ ጣት ጉድጓድ ቀረ። ዶክተሯ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። ጉድጓዱን ታያለች።

«ዶክተር፣ ምን እየጠበቁ ነው?» አለች ረዳት።

«ጉድጓዱ እስኪሞላ። ከቸኮልኩ አያሳየኝም።»

ጉድጓዱ ለመሙላት አልቸኮለም። ዶክተሯ ካልሲውን መልሳ ከፍ አደረገችላቸውና ተነሳች።

«ክኒኗን እየዋጡ ነው?»

«እንደ ሰዓት!»

«በየቀኑ?»

«ልጄ በእጇ ነው የምትሰጠኝ። ሠላሳ ዓመት ስነዳ አንድ ቀን አርፍጄ አላውቅም፣ ለክኒን ነው የማረፍደው? ደግሞ ምስክር ይዤ መጥቻለሁ። ጠይቂያት ረዳቴን።»

ዶክተሯ ወደ ረዳት ዞረች። ረዳት ጥያቄዎቿን የጻፈችበትን ወረቀት ጫፍ ማጠፍ ጀመረች።

«እንግዲያው ይህ መጠን አልበቃዎትም ማለት ነው» አለች ዶክተሯ እስክሪብቶዋን እያነሳች። «ኪሎዎ ጨምሯል፣ እግርዎም ብሷል። በእጥፍ አደርገዋለሁ፣ ሌላ ጠንከር ያለም እጨምርበታለሁ።»

«እንዳልሽ ልጄ! አንቺ ካልሽ ምን ቀረ። አንዴ አስታውሳለሁ፣ አውቶቡሴ ሞተሩ እንዲህ...»

ረዳት ወረቀቷን ማጠፍ አቆመች። ለዓርቡ ስትዘጋጅ አንብባለች። ይህ መድኃኒት ከልኩ ሲያልፍ የደም ግፊትን ያወርዳል፣ ሰው ቆሞ እንዳለ ይወድቃል፣ ኩላሊት ይጎዳል። አንድ ሌሊት ትንፋሽ አጥሯቸው፣ ደንግጠው የታዘዘውን ሁሉ ቢውጡስ?

«አይውጡትም» ማለት ትችላለች። አንድ ቃል ነው። ግን አያቷን አየች፤ ኮታቸውን ቆልፈው፣ ጉልበታቸው ላይ ሁለት እጃቸውን አስቀምጠው፣ እየቀለዱ። እንዲህ ማለት በዶክተር ፊት ልብሳቸውን እንደመግፈፍ ሆኖ ተሰማት። እስክሪብቶው እየጻፈ ነው።

«አባባ፣» አለች፣ «ወራጅ አለ።»

አያቷ ሞተሩን መሐል መንገድ ላይ ጥለው ዝም አሉ። እስክሪብቶውም ቆመ።

«ምን አለ?» አለች ዶክተሯ።

አያቷ የልጅ ልጃቸውን አዩአት። መጀመሪያ ዓይናቸው ተቆጣ። ከዚያ ቁጣው ቀስ እያለ ወረደና፣ የመጨረሻውን ጉዞ ጨርሶ የእጅ ፍሬን የሚስብ ሾፌር ፊት ሆነ።

«ረዳት ካለች ሾፌር ይቆማል» አሉ። «ክኒኗን አልውጣትም፣ ልጄ።»

ዶክተሯ «ለምን?» ብላ አልጮኸችም። ወንበሯን ከጠረጴዛው ጀርባ ጎትታ አጠገባቸው ተቀመጠች። «ልጅቷ ትቀመጥ ወይስ ውጭ ትጠብቅ?»

አያቷ አሰቡ። «ትቀመጥ። ያስቆመችኝ እሷ አይደለች?»

ከዚያ ቀስ ብለው ተናገሩ። ክኒኗን ከዋጡ በኋላ ግማሽ ቀን መጸዳጃ ቤት ነው። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ከጡረተኛ ሾፌሮች ጋር አውቶቡስ ተራው ጋ ዳማ ይጫወታሉ። አንድ ቀን ወደዚያው ሲሄዱ አውቶቡሱ መንገድ ተዘጋግቶበት ቆመ። ሾፌሩ እሳቸው ራሳቸው ያሠለጠኑት ልጅ ነበር። «በር ክፈትልኝ» ለማለት አፈሩ።

«ሠላሳ ዓመት ሰው ሳወርድ ኖሬ፣ እኔ መውረድ አቃተኝ» አሉ። ወለሉን እያዩ ነበር። «ሱሪዬ እንዳይታይ ኮቴን ወገቤ ላይ አስሬ በእግሬ ተመለስኩ።»

ረዳት የመንገዱ ምሰሶዎች አንድ በአንድ ትዝ አሏት።

«ዳማው ስንት ሰዓት ያልቃል?» አለች ዶክተሯ።

አያቷ ቀና አሉ። ይህን አልጠበቁም። «ስድስት ላይ። ሁሉም ወደ ምሳው ይበተናል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቤት።»

«እንግዲያው ቤት ገብተው ስምንት ሰዓት ላይ ይዋጧት።»

«ጠዋት ነው እኮ የሚለው! ጠዋት ተብሎ ተጽፎበታል!»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«የለም የለም፣ ልጄ። እኔ ሾፌር ነኝ። ስምሪት የጠዋት ከሆነ የጠዋት ነው። የጠዋት ስምሪት ያመለጠው ሾፌር ከሰዓት ተነስቶ ልንዳ አይልም። ተሰረዘ ነው የሚባለው!»

ዶክተሯ ሳቋ አመለጣት። አያቷም ሳቁ፣ እስኪያስላቸው። «እሺ፣ የዚህ ስምሪት ኃላፊ እኔ ነኝ» አለች። «አዛውሬዋለሁ። ከአሥር ሰዓት በኋላ ግን አይሆንም፤ እንቅልፍ ትነሳዎታለች። አንድ ቀን ካመለጠዎት በማግስቱ ሁለት እንዳይውጡ። ጠዋት ጠዋት ይመዘኑ፤ ኪሎው ሲሮጥ፣ ወይም ትንፋሽ ሲያጥርዎ ቀጠሮ አይጠብቁ፣ ይምጡ።» የጻፈችውን ወረቀት ቀደደች። «መጠኑ እንደ ድሮው ይሆናል። በሳምንት እንተያይ። ጥፋቱ የእኔም ነው፣ አባቴ። ጠዋት ብዬ ስጽፍ ጠዋት የት እንደሚውሉ አልጠየቅኩም። ዛሬ ደግሞ በእግር እንዳይመለሱ።»

ከዚያ ወደ ረዳት ዞረች። «አንቺስ? ጥያቄ ይዘሽ ነው የመጣሽው ተብዬ ነበር።»

ረዳት ወረቀቷን አየች። ማሽኑ ስንት ዓመት ያገለግላል? ምስሉ ባለቀለም ነው? ወረቀቱን አጠፈችው።

«ያንን... እግራቸውን እኔ ብጫነው ይሆናል?»

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? የእግሩን ባለቤት ጠይቂ።»

አያቷ ሳይጠየቁ እግራቸውን ዘረጉ። ረዳት ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብላ አውራ ጣቷን ተጫነች። ቆዳው ቀዝቃዛና የተወጠረ ነበር። ጣቷን አነሳች፤ ጉድጓዱ ቀረ። ጠበቀች። ማንም አላጣደፋትም።

አያቷ ቀድመው ወጡ። የግቢው በር ጋ ሲደርሱ «ውሉ ፈርሷል» አሉ።

«አውቃለሁ።»

«ዓርብ አልመጣም።»

«እሺ።»

ስልኳ ጮኸ። የዜና መልእክት ነው። «እና? ማሽኑን አነሳሽው? ደግሞ አንጀት የሚበላ ታሪክ ካገኘሽ ጨረስን። ዳኞቹ ካለቀሱ አለቀ፣ አንደኛ ነን!»

ታሪኩ አላት። ወገብ ላይ የታሰረው ኮት። ክፍሉ በሙሉ ጭጭ ሲል ታያት፤ የካርቶኑ ልብ ከነቀለሙ ሲረሳ ታያት። መጻፍ ጀመረች፤ አጠፋችው። ከዚያ «ማሽን አላነሳሁም። በአውራ ጣት እንዴት እንደሚጫኑ አሳይሃለሁ። ታሪክ የለኝም» ብላ ላከች። ዜና የንዴት ምልክቶች ሲደረድርባት ስልኳን ኪሷ ከተተች።

አውቶቡሱ መጣ። አያቷ ጎንበስ ብለው ጎማዎቹን መረመሩ።

«ጎማው ደህና ነው» አለች።

«አንቺ ስለ ጎማ ምን ታውቂያለሽ?»

አልጎተተቻቸውም። ቀድማ ወጣችና በሩ አጠገብ ያለውን ብረት ይዛ «ሁለት ነን፣ ትንሽ ይጠብቁን» አለች ለሾፌሩ። አያቷ አውቶቡሱን ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያ ብረቱን ጨብጠው ወጡ፣ በእያንዳንዷ ደረጃ ላይ ትንፋሽ እየሰበሰቡ። በሩ ጎን ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ እሳቸው በመስኮቱ በኩል፣ እሷ በመተላለፊያው።

«ምናልባት ከመጣብህ፣» አለች ወደ ፊት እያየች፣ «በክርንህ ንካኝ።»

«ምን?»

«ንካኝ ብቻ። የምጮኸው እኔ ነኝ።»

አያቷ ወደ መስኮቱ ዞሩ። አውቶቡሱ ሁለት ፌርማታ አለፈ። ሰው ወረደ፣ ሰው ወጣ።

«ዓርብ ስንት ሰዓት ነው ያልሽኝ?» አሉ ሳይዞሩ።

«ከምሳ በፊት።»

«ከምሳ በፊት...» አሉ። «የእኔ ስምሪት ስምንት ላይ ነው። ይደርሳል።»

ወዲያው አውቶቡሱ ቀስ አለና ቆመ። ከፊት መንገዱ ተዘጋግቷል፤ መኪናው ሁሉ ጥሩምባ ይነፋል። የአያቷ እጅ ጉልበታቸው ላይ ሲጨበጥ አየች። ስልኳ ኪሷ ውስጥ ደጋግሞ ነዘረ። አላወጣችውም። ወደ እሳቸው ጠጋ አለች፣ ክርናቸው እስኪነካት ድረስ፤ ከዚያም ለማንኛውም ብላ ጉሮሮዋን ጠረገች።